«አሉ» የሚባልባት ከተማ

አገሩ የት ነው ብላችሁ አትድከሙ። ብነግራችሁም አታገኙትም። ጠዋት ጠዋት ከወንዙ የሚነሳው ጉም ከተማዋን ሸፍኗት ስለሚያረፍድ እኛው ነዋሪዎቹ እንኳ ቤታችንን የምንገባው በግምት ነው። አንዳንዱ ተሳስቶ የሰው ቤት ይገባና ቁርሱን በልቶ ይወጣል፤ ማንም አይቀየመውም። እኔ ግንብ ቀቢ ነኝ። ኖራ በጥብጬ የከተማውን ግንብ ነጭ አደርጋለሁ፣ ሰዉ ያጠቁረዋል፣ እንደገና ነጭ አደርጋለሁ። ዕድሜዬ በዚሁ አለቀ። ነገር ማሳመር አላውቅበትም፤ እንደሆነው እነግራችኋለሁ።

በከተማችን አንድ ትልቅ ነውር አለ። የሚናገረውን ሁሉ «አሉ» ብሎ የማይጨርስ ሰው ባለጌ ነው። ጸጉሩ ውሃ እያንጠባጠበ የገባ ሰው «ዝናብ መጣ አሉ» ይላል። እናት ልጆቿን «ምሳ ቀርቧል አሉ» ብላ ትጠራለች። ሙሽራው በሠርጉ ቀን «እወድሻለሁ አሉ» ይላታል፣ ሙሽሪት አንገቷን ደፍታ «እኔም አሉ» ትላለች፣ እልል ይባላል። «አሉ» የማይል የራሱን ዓይን ከሰው ዓይን ያስበለጠ ጥጋበኛ ነው። ይህን ሁሉ የሚሉት እነማን እንደሆኑ ጠይቆ የሚያውቅ ግን የለም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ምን አገባኝ!

ከተማችን ስሟ የተጠራው በሸማዎቿ ነው። የብርሃን ሸማኔ የምንላቸው ባለሙያዎች አሉን። ሰው ሲሄድ፣ ሲስቅ፣ ሲቆጣ ከፀሐዩ ጋር አድርገው ክር ውስጥ ያስገቡታል። እንዴት እንደሚያስገቡት አላውቅም፤ ስጠይቃቸው «ይገባል አሉ» ነው መልሳቸው። ሸማው በትልቁ አዳራሽ ይዘረጋና ጉሙ ሳስቶ የረፋድ ፀሐይ ከጀርባው ሲያርፍበት፣ ውስጡ ያለው ሰው ቀስ እያለ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ያኔ ከተማው ተሰብስቦ ያያል።

አዳራሹን የከበበው የእኔ ግንብ ነው። ማንም ሰው ፊቱን በነጠላ ሸፍኖ፣ ስሙን ሳይጽፍ፣ ስለ ሸማው የፈለገውን በከሰል ይጽፍበታል። የተስማማ ከሥሩ አንድ ጭረት ይጨምርለታል። ደንባችን «ጭረት የበዛበት እውነት ነው» ይላል። አንድ ጊዜ አንዱ ቀልደኛ «ዛሬ ይበርዳል አሉ» ብሎ ጻፈ። እስከ ረፋድ ሁለት መቶ ጭረት ወጣለትና በዚያ ሐሩር ከተማው በሙሉ ጋቢ ደርቦ ዋለ። ሁለት ሰዎች ሙቀቱ ጥሏቸው፣ ውሃ ተደፍቶባቸው ሲነቁ መጀመሪያ የተናገሩት «በረደን አሉ» ነው።

እንግዲህ ታሪኩ የጋሽ ተሰማ ነው። ጋሽ ተሰማ የከተማው አስጎምጂ ነበር። አስጎምጂ ማለት ሸማ ከመታየቱ በፊት መለከቱን እየነፋ በየሰፈሩ ዞሮ የሰውን ምራቅ የሚያስውጥ ሹም ነው። ተሰማ ብላ ስም ያወጣችለት እናቱ ትንቢት ነው የተናገረችው፤ ሰውየው አፉን ከከፈተ ወዲያ ማዶ ያለ በሬ ሳይቀር ጆሮውን ያቆማል። ታዲያ የአስጎምጂ ሕጉ አንድ ነው፦ ሸማ አያይም። ድሮ አንዱ አስጎምጂ ሾልኮ ገብቶ አየና ሲወጣ «ደህና ነው አሉ» አለ። ደህና ነው! አዳራሹ ሦስት ቀን ሙሉ ባዶውን ዋለ። ከዚያ ወዲህ አስጎምጂ ሲሾም ይምላል፤ ሸማ ባለበት ሲያልፍም ዓይኑን በጥቁር ሻሽ ያስራል። ካየ «ያየ አፍ» ተብሎ መለከቱን ይቀማል። ጋሽ ተሰማ በሠላሳ ዓመት አንድም ሸማ አላየም፤ በዚህም ይኮራ ነበር።

አጣጣይም አለን፤ አቶ ደምሰው ይባላል። አስጎምጂው ያነሳውን ሸማ መጣል የእሱ ሥራ ነው። እሱ እንዳያይ የከለከለው የለም፤ ግን ማየት ጊዜ ይፈጃል፣ በማጣጣል ደግሞ የሚደመጠው የቀደመ ነው። ሁለቱ ታዲያ ነፍስ የሆኑ ጓደኛሞች ነበሩ፤ በየቀኑ ምሳቸውን ዋርካው ሥር ከአንድ ሳህን ይበላሉ።

የጋሽ ተሰማ ሚስት እትዬ አስካለ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል። አንድ ጠዋት ግንቡን ስቀባ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለና የኖራ ባልዲዬ ውስጥ ማየት ጀመረ። ነጩ ኖራ ላይ ጉሙ ያልፋል።

«ምን ጠፋብህ ጋሼ?» አልኩት።

«ድምጿ ጆሮዬ ላይ አለ አሉ። ኮቴዋም አለ። ፊቷ ግን ሄደብኝ አሉ» አለኝ። «አፍንጫዋን ሳመጣው ዓይኗ ይጠፋል። ዓይኗን ሳገኘው አገጯ የእህቷ ይሆንብኛል። ፊቷን ማሰባሰብ አቃተኝ አሉ።» ይህን ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔም ብሩሼን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ብቸኛ ልጁ ፈንታነሽ የብርሃን ሸማኔ ናት። ስድስት ዓመት አንድ ሸማ ላይ ተቀምጣ ኖረች። የጀመረችው እናቷ በሕይወት ሳለች ነው። ሸማው ሲያልቅ ወደ አባቷ መጣችና እጁን ያዘችው።

«አባዬ፣ እማዬ እዚህ ውስጥ ናት አሉ። ሌላ የትም የለችም አሉ።»

ጋሽ ተሰማ ሻሹን በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘ። ልጅቷ ቀጠለች፦ «አደራህን፣ የእኔን እንዳታስጎመጅብኝ። ሸማ ተዘርግቷል ብለህ ዝም በል። ሰው ራሱ መጥቶ ይይ አሉ።»

«እሺ ልጄ። አፌን ይቁረጠው አሉ» አላት።

ቃሉን ይጠብቅ ነበር፤ እመሰክርለታለሁ። የመጀመሪያው መንታ መንገድ ላይ መለከቱን ነፋና «ሸማ ተዘርግቷል አሉ!» ብሎ ዝም አለ። ሰዉ አንጋጦ ጠበቀ። «እህስ?» አለ አንዱ። «በቃ?» አለች ሌላዋ። «ውይ ጋሼ! የገዛ ልጅህ ሥራ ሆኖ ይህን ያህል ብቻ? መቼም ቢያፍርበት ነው አሉ» ተባባሉ። ይህቺ «ቢያፍርበት» የምትል ቃል አንጀቱ ገባች። አላስቻለውም። መለከቱን ወደ ሰማይ አቀናና ጮኸ፦ «ይህን ሸማ ያየ፣ የሞተበትን ያያል አሉ!»

ለራሱ እውነቱን ነበር፤ የሞተችበት እዚያ ውስጥ ናት። ወሬ ግን እግር አለው። ሁለተኛው ሰፈር ሲደርስ «የሞተ ዘመድ ይታያል» ሆነ። ገበያ ሲደርስ «የሞተ ዘመድ ተነስቶ ይመጣል» ተባለ፤ ጋሽ ተሰማም ጉሮሮው ከሞቀ በኋላ አላስተባበለም። እንዲያውም «ወንበር ያዙላቸው አሉ!» ብሎ ጨመረበት።

በመጀመሪያው ቀን የተሰለፈውን ሰው ብታዩ! አንዱ የሟች ወንድሙን ካፖርት ይዞ መጥቷል፤ «እሱ ብርድ አይችልም አሉ» ይላል። አንዲት ሴት አዲስ ጫማ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች፤ የሞተው ልጇ የእግር ቁጥር ዘንድሮ ስንት እንደሚሆን ጎረቤቶቿን አማክራ ነው ያመጣችው። አንድ ሽማግሌ ከሟች አማቱ ጋር የጀመረውን ጭቅጭቅ ሊጨርስ መጥቷል። ሁሉም አጠገቡ አንድ ባዶ ቦታ ትቶ ተቀመጠ።

ፀሐይ ሸማው ላይ አረፈች። አንዲት ሴት ግቢዋ ውስጥ ሰሌን አንጥፋ በርበሬ ታሰጣለች። ዶሮ ትመጣባታለች፤ ታባርራታለች። በርበሬው አፍንጫዋ ይገባና ያስነጥሳታል። ዞር ትልና አንድ ቃል በከንፈሯ ብላ፣ ትስቃለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ በርበሬውን ታገላብጣለች። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ሴትዮዋ ትደበዝዛለች። ይኸው ነው ሸማው።

«ወንድሜስ?» አለ ባለካፖርቱ።

ሸማው ሲያበቃ መጀመሪያ የወጣችው ባለጫማዋ ሴት ናት። በሩ ላይ ቆማ እንባዋ እንዲሁ ይወርዳል፤ ፊቷ ግን ያዘነ ሰው ፊት አልነበረም፤ ያረፈ ነገር ነበረበት። ቀና ስትል ግንቡን አየች። እዚያ ላይ «በርበሬ ብቻ ነው አሉ» የሚል ተጽፎ፣ ደጅ ተራ ከሚጠብቀው ሰው ከሥሩ አርባ ጭረት ወጥቷል። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «በርበሬው ነው አሉ፣ ዓይኔን አቃጠለኝ» አለች፤ አንድ ጭረት ጨምራም ሄደች።

ከዚያማ አትጠይቁኝ። እስከ ከሰዓት በኋላ አራት መቶ ጭረት። አቶ ደምሰው «የወጥ ቤት ሸማ አሉ!» እያለ ሰፈር ለሰፈር ዞረ። አንዱ ደግሞ «ዞር ብላ ማንን ነው የምታናግረው? ሸማኔዋ ሰውየውን መሸመን ረስታለች አሉ» ብሎ ጻፈ፤ ለዚህ ጭረት መጻፊያ ቦታ ጠፋ። በሁለተኛው ቀን ሰዉ ወደ አዳራሹ የገባው ለማስነጠስ ነው። ሴትዮዋ ስታስነጥስ ሦስት መቶ ሰው አብሮ «አጢሽ!» ይላል፣ ይስቃል፣ ይወጣል። በመጀመሪያው ቀን አልቅሶ የወጣውን ጎረቤቴን «ትናንት ወደኸው አልነበር?» ብዬ ስጠይቀው፣ ግንቡን ገልመጥ አደረገና «አልወደድኩትም ነበር አሉ» አለኝ።

ሸማውን የሚነቅፈው ጭረት መስመር የግንቡን ወገብ ከዞረ ሸማው ይታጠባል፤ ይህም ደንብ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወንዝ ይወርድና በእንዶድ ይለቀለቃል፤ ነጭ ሆኖ ለሌላ ሸማኔ ይሰጣል። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት መስመሩ ዞሮ ገጠመ።

ጋሽ ተሰማ ዋርካው ሥር ነበር። ምሳው ፊቱ ቀዝቅዟል። አቶ ደምሰው መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«አትቀየመኝ ወንድሜ። እንጀራዬ ነው አሉ።»

«ሚስቴን ነው ያሳጠብክብኝ አሉ።»

«እኔ?» አለ ደምሰው። ተቆጥቶ አይደለም፤ አዝኖ ነው። «ተሰማ፣ እኔ መሬት ላይ ያለን ነገር ጥዬ አላውቅም። አንተ ነህ ሰማይ ላይ የሰቀልክልኝ። በርበሬ የምታሰጣ ሴት ናት ብትል ኖሮ፣ በርበሬ ብቻ ነው ብዬ ማንን አስቅ ነበር? አሉ» አለና «አሉ»ዋን ለጨዋነት ጨመራት።

ጋሽ ተሰማ ምሳውን ሳይነካ ተነሳ። ቤቱ ሲገባ ፈንታነሽ ጀርባዋን ሰጥታ ክር ታጠነጥናለች። «አባዬ፣ እማዬ ሁለተኛ ልትሞት ነው አሉ» አለችው፤ ዞራም አላየችው። ሰውየው የዚያን ቀን ያን ትልቅ አፉን ይዞ ግድግዳ ሥር ኩርምት ብሎ ተቀመጠ። ያሳዝን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁላችንም ወንዝ ወረድን። ጉሙ ከወትሮው የበለጠ ወፍራም ነበር፤ የሰው ድምፅ ይሰማል እንጂ ሰው አይታይም፤ አልፎ አልፎ ከነጩ ውስጥ አንድ እጅ ወይም አንድ ባርኔጣ ብቅ ብሎ ይመለሳል። የእጥበት ሹሟ ወይዘሮ አልጣሽ የእንዶዱን ገንዳ አስቀርባ ድንጋዩ ላይ ቆማለች። ልማዱ እንዲህ ነው፦ ሸማው ከመነከሩ በፊት አራት ሰዎች አራቱን ጫፍ ይዘው ለስንብት ውሃው ላይ ይወጥሩታል። ሹሟ «ምን አሉ?» ብላ ሦስት ጊዜ ትጠይቃለች፤ ሕዝቡ «ይታጠብ አሉ» ብሎ ሦስት ጊዜ ይመልሳል። ከዚያ ይነከራል። አንዱን ጫፍ የያዘችው ፈንታነሽ ነበረች። ጋሽ ተሰማ እንደ ደንቡ ዓይኑን በጥቁር ሻሽ አስሮ፣ መለከቱን አንግቶ፣ ልጁ አጠገብ ቆሟል።

«ምን አሉ?» አለች ወይዘሮ አልጣሽ።

«ይታጠብ አሉ!» አልን። እኔም ጮኬያለሁ፤ አልዋሽም።

«ምን አሉ?»

«ይታጠብ አሉ!»

ያኔ ጉሙ ተቀደደ። ፀሐይ ገባችና ሸማው ላይ አረፈች። ሕዝቡ በርበሬዋን ሲያይ ሳቁ ጀመረ፤ አንዳንዱ አፍንጫውን ይዞ ለማስነጠስ ይዘጋጃል። ጋሽ ተሰማ ሳቁን ሰማ። ፈንታነሽ ስትንሰቀሰቅም ሰማ። እጁ ወደ ሻሹ ሲሄድ አየሁት፤ ወረደ፣ እንደገና ሄደ። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ያሰረውን ሻሽ ከዓይኑ ገፎ ውሃው ላይ ጣለው።

አፍንጫዋ፣ ዓይኗ፣ አገጯ፤ ሁሉም በየቦታው። ሰውየው አፉን ከፍቶ ቀረ።  አስካለ ዶሮዋን አባረረች። በርበሬው ገባና አስነጠሳት።

ሕዝቡ «አጢሽ!» ሊል አፉን ሲከፍት ጋሽ ተሰማ ቀደመ።

«ይማርሽ» አለ።

ጮኾ አይደለም። በቤቱ፣ በግቢው፣ ሁልጊዜ እንደሚላት ነው ያለው። ሸማው ውስጥ ያለችው ሴት ዞር አለች፤ እሱ ወደቆመበት በኩል። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ያን ጊዜ ሁላችንም አነበብነው። «ያኑርህ» ነበር የምትለው። ከዚያ ሳቀች።

ያን ቀን፣ በርበሬው ሲሰጣ፣ ጋሽ ተሰማ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ መለከቱን ሲወለውል ነበር ለካ። ሲያስነጥሳት ከውስጥ ሆኖ «ይማርሽ» ብሏታል። ፈንታነሽ ሰውየውን መሸመን አልረሳችም። ሰውየው ከሸማው ውጭ ነበር።

አፍንጫውን ይዞ የነበረው ሁሉ እጁን አወረደ። ባለጫማዋ ሴት እንደገና እንባዋ ወረደ፤ አሁን በበርበሬም አላመካኘች። ወይዘሮ አልጣሽ ግን ሹም ናትና ሦስተኛውን ጥያቄ ወደ ጉሙ ወረወረችው።

«ምን አሉ?»

እንግዲህ ቋንቋችን እንደምታውቁት ነው። ሹሟ የጠየቀችው «ሰዎቹ ምን አሉ» ብላ ነው። ጋሽ ተሰማ ግን፣ ጸጉሩ የሸበተ ትልቅ ሰው፣ እሱን አንቱ ብላ የጠየቀችው መሰለው።

«እኔ?» አለ፤ ዓይኑን ከሸማው ሳይነቅል። «እኔማ ይማርሽ ነው ያልኩት።»

«እርስዎን አይደለም አባቴ!» አለች አልጣሽ። «እነሱ ምን አሉ ነው የምለው።»

«እነሱን አላውቅም። እኔ አየኋት። አስካለ ናት፤ አየኋት።»

«አየኋት... አሉ?» ብላ ልትረዳው ሞከረች፤ ክፉ ሴት አይደለችም።

«አየኋት» አለ።

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ብልግና ሰምቼ አላውቅም። እናቶች የልጆቻቸውን ጆሮ ያዙ። ወይዘሮ አልጣሽ ደንቡን ለራሷ አነበነበች፤ ደንቡ «ሁሉም አሉ ካሉ ይታጠብ» ይላል፤ አንድ ሰው አሉ ሳይል አልኩ ካለ ምን እንደሚደረግ አይናገርም።  በመጨረሻ እንዶዱን ወንዙ ውስጥ አስደፋችውና «ሸማው ወደ አዳራሹ ይመለስ» አለች። ፈንታነሽ ጫፏን እንደያዘች አባቷ ትከሻ ላይ ወደቀች።

ጋሽ ተሰማ በዚያው ቀን «ያየ አፍ» ተብሎ መለከቱን ተቀማ። ከሹመት ተሻረ። ሰዉ ደግሞ ሰው ነውና ገና እኩለ ቀን ሳይሞላ ግንቡ ላይ አዲስ ነገር ተጻፈ፦ «ይህ ሸማ ድንጋይ ያስለቅሳል አሉ።» ሁለት መቶ ጭረት። «የዳነበት ሕመምተኛ አለ አሉ።» ሦስት መቶ። አቶ ደምሰውም ያንን ለመጣል ጉሮሮውን መጠራረግ ጀመረ።

እኔ ባልዲዬን ይዤ መጣሁ። ተራዬ ገና ሳይደርስ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ግንቡን ከዳር እስከ ዳር ነጭ አደረግሁት። የሚደበቅ ነገር የለም፤ የመጀመሪያውን «በርበሬ ብቻ ነው አሉ» የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሸማውን አላየሁም ነበር። የተሰለፈው ሰው ብዛት የቀባሁትን በትከሻው ሲፈትግብኝ ተናደድኩ፤ አንዱ ለሽንት ወጥቶ «በርበሬ ነው አሉ» ሲል ሰማሁ፤ ነጠላዬን ተከናንቤ ጻፍኩት። ጋሽ ተሰማ ባልዲዬ ላይ ያለቀሰው ስለማን እንደሆነ እያወቅሁ።

ጋሽ ተሰማን አዳራሹ በር ላይ ተቀምጦ አግኝቼ ይህን ነገርኩት።  ከዚያ ትንሽ ጠጋ አለና አሳለፈኝ። ከሥራ ከተሻረ ወዲህ የሚውለው እዚያ ነው፤ የሚያልፈው ሁሉ «ጋሼ፣ ሸማው እንዴት ነው አሉ?» ይለዋል። ያ ሁሉ ምላስ የነበረው ሰው፣ ሰማይ ምድሩን ያንቀጠቅጥ የነበረው፣ አሁን ለሁሉም የሚሰጠው መልስ አንድ ነው።

«እንዴት ነው ጋሼ?» አልኩት እኔም።

«ግባና እየው» አለኝ።

ገባሁ። አዳራሹ ውስጥ ያለነው ጥቂት ነን፤ ጉሙ በመስኮቱ ገብቶ እግራችን ሥር ይሄዳል። ፀሐይ መጣች። ሴትዮዋ ሰሌኗን አነጠፈች፣ ዶሮዋን አባረረች። አፍንጫውን የያዘ ሰው የለም። በርበሬው ገባና አስነጠሳት።

«ይማርሽ» አልኩ።